የተበደሉ ጀግኖች ካሣ



ወጣት ደራስያን፣ የባትማን ረዳት የነበረው ልጅ፣ ሮቢን፣ የሞተው በእኛ አገር እንደሆነ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ?

ጎታም ከተማ ውስጥ አይደለም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ዲሲ ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ታሪክ፣ ጄሰን ቶድ የሚባለው ሁለተኛው ሮቢን ወላጅ እናቱን ፍለጋ ከአሜሪካ ተነሥቶ፣ በመካከለኛው ምሥራቅ አድርጎ፣ ኢትዮጵያ ይደርሳል። እናቱ በረሃብ ለተጎዱ ሰዎች በተቋቋመ የእርዳታ ጣቢያ ትሠራለች። የባትማን ቀንደኛ ጠላት ጆከርም እዚያው ደርሷል። ለተረጂዎች የመጣውን መድኃኒት ሰርቆ፣ በምትኩ ገዳይ ጋዝ አስጭኖ ወደ መጠለያው ይልካል። ባትማን መኪኖቹን ሊያስቆም ሲሄድ ልጁ የጣቢያው መጋዘን አጠገብ ይቀራል፤ እናቱም ለጆከር አሳልፋ ትሰጠዋለች። ጆከር በብረት ዘንግ ቀጥቅጦ ቀጥቅጦ፣ ቦምብ አጥምዶ ጥሎት ይሄዳል።

አሳታሚው ታሪኩን እዚህ ላይ አቆመና ለአንባቢዎቹ ሁለት የስልክ ቁጥሮች ሰጠ። በአንዱ የደወለ «ይኑር»፣ በሌላው የደወለ «ይሙት» ማለቱ ነበር። አንድ ጥሪ 50 ሳንቲም ያስከፍላል፤ መስመሩ ክፍት የሆነው ለ36 ሰዓት ነው። ይኑር ያሉት 5,271 ሆኑ፤ ይሙት ያሉት 5,343። ልጁ በ72 ድምፅ ሞተ።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። ስልክ የደወለው ሰው ስለ ልጁ አንዲት ቃል እንኳ እንዲጽፍ አልተጠየቀም። ለምን ይኑር፣ ለምን ይሙት፣ ቢኖር ምን ይሆናል፣ ቢሞት ማን ያለቅሳል የሚል ጥያቄ አልነበረም። የዛሬው ውድድር የዚያን ስልክ ተቃራኒ ነው። ከአሜሪካ ልዕለ ጀግኖች መካከል የገዛ ጸሐፊዎቻቸው የበደሏቸውን መርጣችሁ፣ ክብራቸውን የሚመልስ አጭር ልብ ወለድ እንድትጽፉ ይጠይቃል። ገጸ ባሕርያቱ የአሳታሚዎቹ ንብረት ስለሆኑ የምትጽፉት ለገበያ አይቀርብም። አድናቂ ስለሚወደው ጀግና የሚጽፈው ድርሰት ከጥንትም ለፍቅር ብሎ የሚሠራ ሥራ ነው። ዳኛ ሁን ስባል ሳላቅማማ እሺ ያልኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን «ጀግናን ማዳን» ስንል ምን ማለታችን ነው? በዚህ ላይ ሳንግባባ ብንለያይ ብዙ ወረቀት በከንቱ ይጻፋል ብዬ እሰጋለሁ።

እንዲህ ያለው ውድድር አያት አለው። የሌላው አሳታሚ፣ የማርቭል፣ ደራሲ ስታን ሊ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት አንድ ሽልማት ፈጥሮ ነበር፤ ስሙ ራሱ «ሽልማት የለም» እንደማለት ነው። አንባቢ በታሪኩ ውስጥ ስህተት ካገኘና ስህተቱ እውነተኛ ስህተት እንዳልሆነ በብልሃት ካስረዳ ፖስታ ይላክለታል። በፖስታው ላይ ሽልማቱ በውስጡ እንዳለ ተጽፏል፤ ሲከፈት ግን ባዶ ነው። ልጆቹ ያንን ባዶ ፖስታ እንደ ወርቅ ያስቀምጡት ነበር። እኔም በጣም የምወደው ወግ ነው፤ አንባቢን ተመልካች ብቻ አድርጎ አላስቀረውምና። ለምሳሌ ሃልክ የተባለው ጀግና ሰብአዊ ስሙ ብሩስ ባነር ሆኖ ሳለ፣ ስታን ሊ በአንድ ወቅት ረስቶ ቦብ ባነር እያለ ጻፈ። መፍትሔው ቀላል ሆነ፤ ሙሉ ስሙ ሮበርት ብሩስ ባነር ነው ተባለ። ተፈታ። ማንም አልተጎዳም።

ይህ ብልሃት ግን የሚሠራው ለስህተት ነው። በደል ሌላ ነገር ነው። ስህተት የጸሐፊው እጅ ሲስት የሚመጣ ነው፤ ስም ይለወጣል፣ ቀን ይዛነፋል፣ የሞተ ሰው በሚቀጥለው ገጽ ቡና ሲጠጣ ይታያል። በደል ግን ጸሐፊው ገጸ ባሕርይዋን እንደ ሰው ማየት ትቶ እንደ ዕቃ ሲጠቀምባት የሚደርስ ነው። ስህተትን በማብራሪያ ማረም ይቻላል። በደልን በማብራሪያ ልታርሙ ብትነሡ ግን በደሉን ትሸፍኑታላችሁ እንጂ አትሽሩትም። እስካሁን ካነበብኳቸው የአድናቂ ድርሰቶች የሚበዙት የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። «ለካስ ያ ሁሉ ሕልም ነበር»፣ «ለካስ ያ ሰው መንትያው ነበር» ብለው ይጀምራሉ፤ ጀግናዋ ግን ስለደረሰባት ነገር አፏን ሳትከፍት ታሪኩ ያልቃል።

እስቲ በደልና ካሣው ሁለቱም በግልጽ የተጻፉበትን አንድ ጉዳይ ዘርዘር አድርጌ ላሳያችሁ።

ካሮል ዳንቨርስን ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቃት እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ፊልም፣ ካፒቴን ማርቭል ተብላ ነው። ቀድሞ ሚስ ማርቭል ትባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 በስሟ መጽሔት ሲጀመርላት ለሴቶች እኩልነት የቆመች ጀግና ተደርጋ ነው የቀረበችው። ስሟ ላይ ያለው መጠሪያ (Ms.) እንኳ ያገባችና ያላገባች ብሎ ሴትን የማይለይ፣ በጊዜው በሴቶች ንቅናቄ የተስፋፋ ነበር። መጽሔቷ በ1979 ተቋረጠ። በሚቀጥለው ዓመት እርሷም ያለችበት የጀግኖች ቡድን መጽሔት፣ አቬንጀርስ፣ ቁጥር 200 ወጣ። ሁለት መቶኛ እትም ነውና እንደ በዓል የታሰበ ነበር።

በዚያ እትም ካሮል በድንገት ነፍሰ ጡር ሆና ትገኛለች፤ ከማን እንደሆነ አታውቅም። እርግዝናው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይገፋል፣ ትወልዳለች፣ የተወለደውም ሕፃን ወዲያው አድጎ ጎልማሳ ይሆናል። ስሙ ማርከስ ነው። ከጊዜ ውጭ በሆነ ዓለም ይኖር እንደነበር፣ ካሮልን ወደዚያ ወስዶ፣ ፈቃዷን በመሣሪያ አለዝቦ እንዳስረገዛት፣ በእርሷም ማኅፀን በኩል ራሱን ዳግም እንዳስወለደ ይናገራል። ይናገራል ብቻ አይደለም፤ ታሪኩ እንደ ፍቅር ታሪክ አድርጎ ያቀርበዋል። በመጨረሻ ካሮል አብራው ትሄዳለች፤ ጓደኞቿ፣ ያ ሁሉ የዓለም ጠባቂ፣ መልካም ሕይወት ተመኝተው ይሸኟታል።

በሴራው ላይ የአራት ባለሙያዎች ስም ሰፍሯል። ከአራቱ አንዱ የያኔው የማርቭል ዋና አርታኢ ጂም ሹተር ነበር። ስለ እርሱ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ሹተር በ13 ዓመቱ የራሱን ታሪክ ጽፎና ሥሎ ለዲሲ ኮሚክስ የላከ፣ በ14 ዓመቱም በሙያው ገንዘብ ያገኘ ልጅ ነበር፤ ማለትም እንደ እናንተ ከአንባቢነት የተነሣ ሰው ነበር። ስለዚህ ገጸ ባሕርይን መውደድ ብቻውን ከበደል አያድንም። ይህን ለራሳችሁ ደጋግማችሁ ንገሩት።

ካሮል ስትሪክላንድ የምትባል አንባቢ ግን ዝም አላለችም። በአድናቂዎች መጽሔት ላይ ባወጣችው መጣጥፍ የተፈጸመውን በስሙ ጠራችው፤ ይህ መደፈር ነው አለች። ቀደም ሲል የሚስ ማርቭል መጽሔት ደራሲ የነበረው ክሪስ ክሌርሞንትም በነገሩ አዝኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 የአቬንጀርስ ዓመታዊ እትም ቁጥር 10ን የመጻፍ ዕድል ሲያገኝ ምን አደረገ? ያለፈውን ሕልም ነበር አላለም። ያች ሴት ካሮል አልነበረችም አላለም። ማርከስን በአስማት አጥፍቶ ነገሩን እንዳልነበረ አላደረገውም። በቁጥር 200 የተከሰተውን ሁሉ እንደ ነበረ ተወው። ካሮልን ወደ ምድር መለሳት፤ ሮግ የምትባል ወጣት ኃይሏንና ትዝታዋን ነጥቃት፣ ከሳን ፍራንሲስኮው ጎልደን ጌት ድልድይ ስትወድቅ ስፓይደር ዉማን አተረፈቻት። እትሙ በውጊያ የተሞላ ነው። ውጊያው ካለቀ በኋላ ግን የድሮ ጓደኞቿ ሊጠይቋት ይመጣሉ፤ ደስ ብሏቸዋል፣ የተለያየ ወዳጅ የተገናኘ መስሏቸዋል። ካሮል ያን ጊዜ ትናገራለች። እኔ ስወሰድ የት ነበራችሁ፣ ፈቃዴ በእጄ እንዳልነበረ እንዴት ጠፋችሁ፣ ለምንስ አንዳችሁ አልጠየቃችሁም በሚል መንፈስ ትወቅሳቸዋለች። እነዚያ ኃያላን አንገታቸውን ይደፋሉ።

በእኛ የሽምግልና ወግ ተበዳይ የሆዱን ሳይናገር፣ በዳይም ጥፋቱን ሳያምን እርቅ አይወርድም። ሽማግሌ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ከማሰኘቱ በፊት ግራ ቀኙን ይሰማል፤ ካሣ ካለ ይቆረጣል። ክሌርሞንት ስለ ሽምግልና ሰምቶ አያውቅ ይሆናል፤ የሠራው ሥራ ግን እርሱው ነው። ዝም ብለው የተመለከቱትንና ተበዳይዋን ባንድ ቦታ አስቀምጦ ለተበዳይዋ ቃል ሰጣት። ከሰላሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ በኬሊ ሱ ዲኮኒክ ብዕር ካፒቴን ማርቭል ተብላ ስትነሣ የቆመችው በዚያ መሠረት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛዋ ተበዳይ ባርባራ ጎርደን ናት። የፖሊስ አዛዡ የጎርደን ልጅ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ባትገርል። እ.ኤ.አ. በ1988 አለን ሙር በጻፈውና ብራያን ቦላንድ በሣለው መጽሐፍ ውስጥ ደጃፏን ስትከፍት ጆከር በጥይት ይመታታል፤ ከወገቧ በታች ሽባ ትሆናለች። ሥዕሉ ድንቅ ነው፤ ስለ ውበቱ አልከራከርም። ነገር ግን ባርባራ የተመታችው ስለ ራሷ በሆነ ምክንያት አይደለም። አባቷን ለማሳበድ፣ ባትማንንም ለማስቆጣት ነው። የሌሎች ሰዎችን ታሪክ ለማሞቅ የተማገደች እንጨት ሆነች።

ኪም ዬልና ባሏ ጆን ኦስትራንደር በዚህ አልተስማሙም። በዚያ ዓለም ውስጥ የሞተ ይነሣል፣ የተቆረጠ እጅ ይበቅላል፤ ባርባራንም በአንድ ገጽ አስማት አስነሥቶ ማስሮጥ ይቻል ነበር። አላደረጉትም። እ.ኤ.አ. በ1989 በሱሳይድ ስኳድ መጽሔት ውስጥ ኦራክል የምትባል፣ በኮምፒውተር ብቻ የምትገናኝ፣ ማንነቷ የማይታወቅ መረጃ አቀባይ ብቅ አለች። ማንነቷ በኋላ ሲገለጥ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ባርባራ ሆና ተገኘች። ከጥይቱ በፊትም ትልቁ ኃይሏ አእምሮዋ ነበር፤ ዬልና ኦስትራንደር ያንን አውጥተው አሳዩት። ጀግኖቹ ሁሉ ሲጨንቃቸው የሚደውሉት ለእርሷ ሆነ። ስንት አካል ጉዳተኛ አንባቢ በእርሷ ውስጥ ራሱን እንዳየ ማሰብ አያቅትም። እ.ኤ.አ. በ2011 አሳታሚው ዲሲ መጻሕፍቱን ሁሉ እንደ አዲስ ሲጀምር ባርባራን መልሶ በእግሯ አቆማት፤ ብዙዎች እንደ ሐዘን ቆጠሩት። እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። የዳነች ያስመሰላትን ፈውስ ሰጧት፤ በእውነት ያዳናትን ሥራ ግን ነጠቋት።

የማይረባው ካሣ ምን እንደሚመስል በአጭሩ ልንገራችሁ። ግሪን ላንተርን የተባለው ሃል ጆርዳን እ.ኤ.አ. በ1994 ከተማው በሙሉ ከጠፋበት በኋላ በሐዘን አብዶ የገዛ ጓዶቹን ወጋ፤ ክፉ ሆነ። አድናቂዎቹ ለዓመታት ተሟገቱለት። ከአሥር ዓመት በኋላ ሲመለስ የተሰጠው ምክንያት ፓራላክስ የሚባል የፍርሃት መንፈስ አድሮበት ነበር የሚል ሆነ። ጥፋቱ ሁሉ ለመንፈሱ ተሰጠ። የተመለሰው ታሪክ በብዙ መልኩ ጥሩ ነው፤ ሽያጩም ጥሩ ነበር። ግን ሐዘን ሰውን ምን ያህል ሊሰብረው እንደሚችል የሚያሳይ ጀግና ጠፍቶ፣ ምንም ያላጠፋ ጀግና ተተካ። ጥፋቱን ያላመነ ሰው ምን ብሎ ይታረቃል?

በዚያው ዓመት፣ በዚያው መጽሔት፣ የተተኪው ግሪን ላንተርን ፍቅረኛ አሌክሳንድራ ዴዊት ተገድላ በማቀዝቀዣ ውስጥ ተከትታ ተገኘች። እ.ኤ.አ. በ1999 ጌይል ሲሞን፣ ያኔ ፀጉር ሠሪ የነበረች አንባቢ፣ በወንድ ጀግኖች ታሪክ ውስጥ የተገደሉ፣ የተደፈሩ፣ ኃይላቸውን የተነጠቁ ሴቶችን ስም ዝርዝር አወጣች፤ ዝርዝሩንም በዚያ ማቀዝቀዣ ሰየመችው። ለባለሙያዎቹም ለምን ብላ ጠየቀች። ጥቂት ዓመታት አለፉና ራሷ ደራሲ ሆና የባርባራ ጎርደንን ኦራክል መጻፍ ጀመረች። ሙግቷን በድርሰት ቀጠለችበት።

ከዚያ ስቴፋኒ ብራውን አለች። እ.ኤ.አ. በ2004 ለአጭር ጊዜ ሮቢን ሆና፣ ተባርራ፣ በወንበዴዎች ጦርነት መካከል ተሠቃይታ ሞተች። ጄሰን ቶድ ሲሞት ባትማን ልብሱን በዋሻው ውስጥ በመስታወት ሣጥን አኑሮለት ነበር፤ ለስቴፋኒ ምንም አልተቀመጠላትም። አድናቂዎች ይህችን አንዲት ሣጥን ይዘው ዘመቻ ጀመሩ። አንድ ሣጥን ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን አንዱ ልጅ ሐውልት ሲቆምለት ሌላዋ ያለ ተዝካር ስትቀር ማን እንደ ሰው እንደሚቆጠር ይታወቃል። ይባስ ብሎ ቀጣዩ ታሪክ ዶክተር ሌስሊ ቶምፕኪንስ ሆን ብላ ሳታክማት እንደ ገደለቻት ነገረን። ሌስሊ ማን ናት? የብሩስ ዌይን፣ ማለትም የባትማን፣ ወላጆች በተገደሉበት ሌሊት ልጁን ያቀፈች፣ ዓመጽን ዕድሜዋን ሙሉ የተቃወመች ሐኪም ናት። አንዷን በቀበሩበት አካፋ ሌላዋን ቀበሯት። እ.ኤ.አ. በ2008 ሁለቱም ዳኑ፤ ሞቱ የውሸት እንደነበረ፣ ሌስሊ ልጅቷን ደብቃ ወደ አፍሪካ እንደ ወሰደቻት ተነገረ። አፍሪካ አሁን ደግሞ መደበቂያ ሆነች። ይህን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ጄሰን ቶድም ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ2005 በጸሐፊው ጀድ ዊኒክ ታሪክ ውስጥ ቀይ ጭምብል አጥልቆ መጣ። ከሞት የተነሣበት ምክንያት በኋላ ሲገለጽ፣ በሌላ ዓለም ያለ አንድ ኃያል የህልውናን ግድግዳ ሲደበድብ የተፈጠረ ንዝረት ነው ተባለ። ምክንያቱ ደካማ ነው፤ ማንም አያስታውሰውም። የሚታወሰው ልጁ ለባትማን ያቀረበው ጥያቄ ነው፤ እኔ ከሞትኩ በኋላ ገዳዬ ለምን እስካሁን በሕይወት አለ? ባትማን መልስ ይሰጣል፣ መልሱም የራሱ ክብደት አለው፤ ጥያቄው ግን አልተዘጋም። ተበዳዩ ተናግሯል፣ ተሰምቷል። በዳኝነት ወንበር ስቀመጥ የምፈልገውም ይኸው ነው። ጀግናችሁ እንዴት እንደ ተነሣች በሦስት መስመር ብትነግሩኝ ይበቃኛል፤ ተነሥታ ለማን ምን እንዳለች ግን ገጽ አትቆጥቡ። የበደሏትን ሰዎች ሰይጣን አታድርጓቸው፤ ሰይጣን ይቅርታ አይጠይቅምና። በደሉ የተጻፈበትን እትም ደግሞ፣ ቢያምም፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንብቡት። በወሬ የሰማችሁትን በደል አትካሱ።

አሁን ጄሰን ወደ ሞተበት መጋዘን ልመለስ።

ያ ታሪክ የታተመው እኛ የ77ቱ ድርቅ የምንለው ረሃብ ካለፈ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው። የዓለም ቴሌቪዥን ሁሉ ያሳየው ረሃብ ስለነበረ አንድ አሜሪካዊ ጸሐፊ አሳዛኝ ሥፍራ ሲፈልግ አገራችን ቶሎ ታወሰችው። ታሪኩ የአንድ አሜሪካዊ ልጅ፣ የአሜሪካዊት እናቱና የአሜሪካዊ ገዳዩ ታሪክ ነው፤ ኢትዮጵያ መድረኩ ናት፣ የተራቡትም መጋረጃው ናቸው። ዓለም ለጄሰን ቶድ አልቅሷል፤ ከሞት አስነሥቶታል፤ ፊልምም ሠርቶለታል። መድኃኒቱ ለማን እንደመጣ ግን ከእናንተ በቀር ማን ይጠይቃል? የውድድሩ ደንብ የተበደለ ጀግና ይላል። የተበደለ ሁሉ ካባ የለበሰ መሆን አለበት አይልም፤ ተመልክቼዋለሁ።

ስለዚህ እኔ ላነበው የምጓጓው ድርሰት እንዲህ ይጀምራል። ጠዋት ነው። አንዲት ሴት የታመመ ልጅ ታቅፋ፣ ከሰልፉ መካከል፣ ዛሬ ይደርሳል የተባለውን የመድኃኒት መኪና ትጠብቃለች። መኪናው ቀረ። ለምን እንደቀረ የነገራት የለም። ቀትር ላይ ከመጋዘኑ በኩል ምድር የሚያናውጥ ድምፅ ተሰማ፤ ጭስ ወጣ። ሲመሽ ጥቁር የለበሰ፣ ጆሮ ያለው ጭምብል ያጠለቀ ሰው የአንድ ልጅ አስከሬን በሁለት እጁ ተሸክሞ በሰልፉ አጠገብ ያልፋል። ቋንቋውን አታውቅም። ልጁን ግን ታየዋለች፤ ዕድሜው ከበኩር ልጇ አይበልጥም። ነጠላዋን ከትከሻዋ ታወርድና እንዲቆም በእጇ ምልክት ትሰጠዋለች።

ይቆማል። ስሟን ይጠይቃታል።